የደረጃውን ካርፔት አንስቼ እንጨቱን ላውጣው ወይስ ይቅርብኝ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ወገኖች። የቤት ጥገና ነገር የሚገባችሁ ካላችሁ እርዱኝ።

ሜሪላንድ ውስጥ ታውንሃውስ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት፣ ገዝተናል። በ1986 የተሠራ ነው። ቤቱ ደህና ነው፣ ደረጃው ግን አሳፈረን። ከላይ እስከ ታች ካርፔት ለብሷል። ጠርዝ ጠርዙ ቤዥ ነው፣ መሃሉ ግን ምን ቀለም እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ውሻ ነበራቸው። በማሽን አሳጥበነዋል፤ ለጥቂት ቀን ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ዝናብ የጣለ ዕለት ግን ውሻው ተመልሶ ይመጣል።

13 ደረጃ ነው። በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ደግሞ ከታች ያሉት ጥቂቶቹ ክፍት ሆነው የእንጨት መደገፊያ አላቸው። አንድ ወለል የሚሠራ ሰው አምጥቼ አሳየሁት። አሮጌውን አንስቶ አዲስ ኦክ እንደሚያለብስልኝ ነገረኝና ዋጋ ጠራ። ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት።

ዩቲዩብ ላይ ሳይ ደግሞ ሁሉ ነገር ቀላል ነው። ሰውዬው ካርፔቱን ይገነጥላል፣ ከሥሩ ቆንጆ እንጨት ይወጣል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ አለቀ። እኔ መዶሻና ካቻቢቴ ይዤ አውቃለሁ፣ መሰርሰሪያም አለኝ፣ ከዚያ በላይ ያለውን መሣሪያ ሆም ዲፖ የሚባለው የቤት ዕቃ መደብር ያከራያል። አናጺ ነኝ ግን አልልም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ አቧራና የቀለም ሽታ ቤቱ ውስጥ እንዲሰነብት አልፈልግም። እናቴም ባለቤቴን ልታርስልን ከአዲስ አበባ ትመጣለች። መኝታ ቤቶቹ በሙሉ ላይ ናቸው፣ ሌላ ደረጃ የለም። ስለዚህ ሥራው እየተሠራም መውጣትና መውረዱ አይቀርም። ራሴ ብሠራው ያዋጣል? ከሥሩ ምን እንዳለ ሳላውቅስ እንዴት ልወስን?

የድሮ_አናጺ

መጨረሻ ላይ የጠየቅከውን መጀመሪያ አድርገው። ዋጋ መጠየቅም፣ እንጨት መግዛትም፣ ቀለም መምረጥም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ አናጺ ነበርኩ፣ እዚህ ቨርጂኒያም ወለልና ደረጃ ስሠራ ነው የኖርኩት። ሰው ካርፔት የሚያነሳው ከሥሩ ኦክ ተደብቆ እየጠበቀው ስለሚመስለው ነው። አንዳንዴ ይሆናል። በድሮዎቹ ቤቶች፣ በተለይ ከ1950ዎቹ በፊት በተሠሩት፣ ደረጃው ለዓይን እንዲያምር ተብሎ ነው የተሠራው፣ ካርፔቱ በኋላ የመጣ ነው። ባንተ ቤት ዘመን የተሠሩ ታውንሃውሶች ግን አብዛኞቹ ገና ከጅምሩ ካርፔት እንዲለብሱ ታስቦ ነው። የሚሸፈን ነገር ላይ ማን ገንዘብ ያጠፋል? ስለዚህ የምታገኘው ወይ ፊቱ ክብ የሆነ ወፍራም የፓይን ጣውላ ነው፣ ወይ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ወይ ቺፑድ።

ለማወቅ ምንም ማፍረስ አያስፈልግህም። ከታች ካሉት ደረጃዎች አንዱን ምረጥ፣ ጥጉ ላይ ካርፔቱን በፒንሳ ቆንጥጠህ ወደ ላይ ሳበው። ከሥሩ ስፖንጅ አለ፣ እሱንም ገልጥ። ካልወደድከው መልሰህ ትጫነዋለህ፣ ማንም አያውቅብህም። አንድ ወጥ ሆኖ የእንጨቱ መስመር ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ ተገላገልክ። ጠርዙ ድርብርብ ከሆነ ኮምፔንሳቶ ነው። የተፈጨ እንጨት በኮላ ተጣብቆ ካየህ ቺፑድ ነው፣ እሱን ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው፣ ከውስጡ የሚወጣ ውበት የለም።

አንድ ደረጃ አይተህም አትመን፣ ከላይም ከመሃልም ግለጥ። መርገጫው ጣውላ ሆኖ ራይዘሩ፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰሌዳ ማለቴ ነው፣ ኤምዲኤፍ፣ የእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ፣ ወይም ኮምፔንሳቶ መሆኑ የተለመደ ነው። እሱ አያስጨንቅህ፣ ነጭ ቀለም ይቀባል።

ጣውላ ካገኘህ ልገህ አለስልሰህ መቀባት ነው፣ ራስህ ትችለዋለህ፣ ወጪው የብርጭቆ ወረቀት፣ የቀለምና የጊዜ ነው። ቺፑድ ከሆነ ግን ወይ ነቅለህ አዲስ መርገጫ ታስገባለህ፣ ወይ በላዩ ስስ የኦክ ልባስ ትደርባለህ። ይሄ መደረብ የሚባለው ነገር ላይ ጆሮህን ስጠኝ፣ ምክንያቱም ሻጩ አይነግርህም።

ሁሉም መርገጫ ላይ 3/4 ኢንች ደረብክ እንበል። መሃል ያሉት አይለወጡም፣ ሁሉም እኩል ከፍ ብለዋላ። የመጀመሪያው ደረጃ ግን ከታችኛው ወለል 3/4 ኢንች ራቀ። የመጨረሻው ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ጋር ያለው ከፍታ በ3/4 ኢንች አጠረ። በሁለቱ መካከል ኢንች ተኩል ልዩነት መጣ ማለት ነው። እዚህ አገር በስፋት የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ኮድ፣ አይአርሲ የሚሉት፣ በአንድ መወጣጫ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ራይዘር መካከል ከ3/8 ኢንች በላይ ልዩነት አይፈቅድም። ቀልድ አይደለም። ሰው ደረጃ ሲወርድ እያየ አይወርድም፣ የመጀመሪያዎቹን ረግጦ ቀሪውን እግሩ በልማድ ይጨርሰዋል። እግር የጠበቀውን ከፍታ ካላገኘ ሰውየው ወደቀ ነው። ላይኛውም ታችኛውም ወለል አብሮ በዚያው ልክ ከፍ የሚል ከሆነ፣ አዲስ ወለል የምታነጥፍ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ይካካሳል። ካልሆነ አሮጌውን መርገጫ ነቅሎ በልኩ መተካት ይሻላል።

ካርፔትና ስፖንጁም ራሳቸው ውፍረት አላቸው። ስለዚህ ሁሉም ከተነሳ በኋላ እያንዳንዱን ከፍታ በሜትር ለካና ወረቀት ላይ ጻፈው። ኮዱ ለአንድ ራይዘር የሚፈቅደው ከፍተኛ ቁመት 7 ከ3/4 ኢንች ነው። አንዳንድ አካባቢ የራሱ ልክ ስላለው ካውንቲህን ጠይቅ።

እናት_ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ ስለ ከፍታው ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ደግሞ ስለ መንሸራተቱ ልናገር።

የኔም ቤት ደረጃ እንጨት ነው፣ እወደዋለሁ፣ መጥረጊያ አሳልፌ እጨርሳለሁ። ግን ወንድሜ አንድ ነገር አስብ። የኛ ሰው በር ላይ ጫማ ያወልቃል። ያንተን ደረጃ የሚረግጠው ካልሲ ነው። ቫርኒሽ በተቀባ እንጨት ላይ ካልሲ ምን እንደሚያደርግ ልጆች ያውቁታል፣ ለዚያ ብለው ነው የሚሮጡበት። እናትህ ደግሞ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ሌሊት ሕፃን ታቅፋ፣ መብራት ሳታበራ ነው የምትወርደው፤ ሕፃኑ እንዳይነቃ ብላ። ጠዋት ደግሞ ሲኒ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ። ሁለት እጇ ተይዟል፣ መደገፊያውን በምን ትይዘዋለች?

አትሥራው እያልኩህ አይደለም። ሥራው፣ ግን መሃሉ ላይ ራነር አንጥፍበት፣ ያ ጠባቡ የደረጃ ምንጣፍ። በግራና በቀኝ እንጨቱ ይታያል፣ እግር የሚያርፍበት ይለሰልሳል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ስለ ድምፅ ማንም አይነግርህም እንጂ ካርፔት የተነሳ ደረጃ ሰው ሲወርድበት ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ታውንሃውስ ከሆነ ጎረቤትህም ጭምር።

ቀለም_ቅባው

ምን ይሄ ሁሉ ጣጣ? ካርፔቱን አንሳ፣ ስቴፕሉን ንቀል፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈን፣ የወለል ቀለም ቅባው፣ ግራጫ ወይ ጥቁር፣ ራይዘሩን ነጭ። ቺፑድም ይሁን ፓይን ማን ያያል? ሁለት ቅዳሜ አይፈጅም።

የድሮ_አናጺ

@ቀለም_ቅባው ኮምፔንሳቶ ከሆነ የምትለው ያስኬዳል፣ ራነር ከተነጠፈበት ደግሞ በጣም ያስኬዳል። ጥሩ ጣውላ ላይ ከሆነ ግን ያሳዝነኛል። ቀለም መጀመሪያ የሚለቀው ፊቱ ጠርዝ ላይ ነው፣ እግር የሚፈትገው እዚያ ነው። ቫርኒሽ ሲፋቅ ከሥሩ እንጨት ይታያል፣ ብዙም አያስጠላም። ጥቁር ቀለም ሲፋቅ ግን ከበር ላይ ይታያል። አንዴ የተቀባ ጣውላን መልሶ ማውጣት ደግሞ ከካርፔት ማንሳት ይብሳል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ገለጥኩት! ከታች፣ ከመሃልና ከላይ።

ፓይን ነው መሰለኝ፣ ወፍራም ነው፣ ፊቱ ክብ። መስመሩ ቢጫና ቀላ ያለ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነጭ ቀለም ተረጭቶበታል፣ ቤቱ ሲቀባ ማንም ግድ አልሰጠውም። ራይዘሩ ኤምዲኤፍ ነው። ላይ ያለችው ትንሿ ማረፊያ ኮምፔንሳቶ ናት። ስቴፕሉ ግን ጉድ ነው፣ የገለጥኩት መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ እንኳ እንደ ሰሊጥ ተበትኗል።

ሁለት ችግር አየሁ። አንዱ ደረጃ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፣ የውሻው ሽንት ሳይሆን አይቀርም። መሃል ያሉት ደግሞ ሲረገጡ ይጮሃሉ። ባለቤቴ "እሱ ጩኸት ማን መጣ ማን ሄደ ያሳውቀናል" ትላለች። አሁን ቀጥሎ ምን ላድርግ?

የድሮ_አናጺ

እንኳን ደስ አለህ፣ ራስህ የምትሠራው ሥራ ነው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ካርፔቱን ከላይ ጀምረህ ወደ ታች አውርደው። በከተር በየደረጃው ቁረጠው፣ በአንድ ጊዜ ልጎትተው ካልክ ጀርባህን ትጎዳለህ። ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርግ። ጥግ ጥጉ ላይ ምስማሩ ወደ ላይ የቆመ ስስ እንጨት ታገኛለህ፣ ካርፔቱን ነክሶ የሚይዘው እሱ ነው፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ መፈንቀያ አስገብተህ አንሳው፣ እጅህን ጠብቅ። ስቴፕሉን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀና እያደረግህ በፒንሳ መንቀል ነው። አሰልቺ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ጨረስኩ ስትል ስስ መፋቂያ ብረት ከላይ እስከ ታች አሳልፍበት፣ የቀረ ካለ ቀጭ ይላል። አንድ ስቴፕል ከቀረ ሳንደሩ፣ ማለስለሻ ማሽኑ፣ ላይ ያለውን ወረቀት ይቀድልሃል።

ጩኸቱን አሁኑኑ አጥፋው፣ ባለቤትህ ብትቆጣም። ጩኸት ማለት መርገጫው ከራይዘሩ ለቆ እየተፋተገ ነው። ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ ረጅም ብሎን ከላይ ወደ ራይዘሩ አስገባ፣ ቀድመህ በመሰርሰሪያ ብሳለት፣ አለዚያ ፓይን ይሰነጠቃል። ከደረጃው ሥር ቁም ሣጥን ካለህና ውስጡ ክፍት ከሆነ የበለጠ ይቀናሃል፤ ከሥር ሆነህ ኮላ የተቀባ የእንጨት ሽብልቅ ክፍተቱ ውስጥ ታስገባለህ፣ ከላይ ምንም አይታይም። ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ይሄን ለማድረግ ብትመለስ ሥራህን ታበላሻለህ።

ማለስለሱን በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምር፣ ቀጥሎ 80፣ ከዚያ 120 ላይ አቁም። ሰው ይበልጥ ላለስልስ ብሎ 220 ድረስ ይሄድና ስቴኑ፣ የእንጨት ማቅለሚያው፣ አልይዝ ይለዋል። ክብ የሚዞረው ትንሹ ሳንደር ይበቃሃል። ቤልት ሳንደር ይዘህ እንዳትመጣ፣ ፓይን ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጥጉን በእጅ መፋቂያ ሥራው።

አቧራው ላይ፦ ኤሲውን አጥፋ፣ የአየር መውጫዎቹን ሁሉ በፕላስቲክና በቴፕ ሸፍን፣ ካልሆነ አቧራው በቧንቧው አድርጎ መኝታ ቤት ይገባል። ደረጃውን ከላይም ከታችም በፕላስቲክ ጋርደው። ሳንደሩን ከሾፕ ቫክ፣ አቧራ ከሚስበው የሥራ ማሽን፣ ጋር አገናኘው። ኤን 95 ጭምብል አድርግ። ባለቤትህ ካርፔት በሚነሳበትና በሚፋቅበት ቀን ዘመድ ቤት ትዋል፣ የዓመታት የውሻ አቧራ ነው የሚነሳው።

ጥቁሩ ነጠብጣብ፦ ፍቀህ ከቀለለ ተወው። ካልቀለለ ኦክሳሊክ አሲድ የሚባል ዱቄት አለ፣ በሞቀ ውሃ ተበጥብጦ ይቀባል፣ ጥቁረቱ ከብረትና ከውሃ የመጣ ከሆነ ያነጣዋል፤ ከዚያ በደንብ በውሃ ይታጠባል፣ ስትሠራ ጓንትና መነጽር አይለይህ። የሽንት እድፍ ጠልቆ ከገባ ላይለቅ ይችላል፣ ያኔ ጠቆር ያለ ስቴን መርጠህ ትደብቀዋለህ። ሽታው ሌላ ነገር ነው። እሱን የሚያፍነው ሼላክ ነው፣ እኛ አገር ጎማላካ የምንለው። ሰሙ የወጣለትን ግዛ፣ ሰም ያለበት ላይ ፖሊዩሪቴን፣ መጨረሻ ላይ የምትቀባው ቫርኒሽ፣ በደንብ አይይዝም። ስቴኑ ከደረቀ በኋላ አንድ ጊዜ ቅባ፣ ሽታው እዚያው ይታፈናል።

ፓይን ስቴን ሲቀባ ይዥጎረጎራል፣ አንዱ ጋ ጠጥቶ ይጠቁራል፣ ሌላው ጋ ነጭ ይቀራል። ስለዚህ ወይ ስቴኑን እኩል እንዲጠጣ የሚያደርገውን ኮንዲሽነር ቀድመህ ቀባው፣ ወይ ጄል የሚባለውን ወፍራም ስቴን ተጠቀም። ከመቀባትህ በፊት ካርፔት ሥር ከነበረ ማይታይ ጥግ ላይ ሞክረው፣ ጣሳው ላይ ያለውን ናሙና አትመን። ስቴን ባትቀባው፣ በተፈጥሮ ቀለሙ ብትተወው እኔ ደስ ይለኛል፣ ግን ቤቱ ያንተ ነው።

ከፓይን ብዙ ጥንካሬ እንዳትጠብቅ። የጃንካ መለኪያ በሚባለው የእንጨት ጥንካሬ መለኪያ ቀዩ ኦክ 1290 ነው፣ ሎብሎሊ የሚባለው የደቡብ ፓይን 690 አካባቢ። ሹል ተረከዝ ጫማ ያደረገች እንግዳ ምልክቷን ትታ ትሄዳለች። ቫርኒሽ መፋቅን እንጂ መሰርጎድን አይከላከልም።

መጨረሻ ላይ የሚቀባው፣ ባንተ ሁኔታ ሳትከራከር በውሃ የሚሠራውን ፖሊዩሪቴን ውሰድ፣ ለወለል የሚል የተጻፈበትን። በዘይት የሚሠራው ጠንካራ ነው፣ ለእንጨቱ የማር መልክ ይሰጠዋል፣ ግን ሽታው ቀናት ይቆያል፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት አልቀባውም። ሦስት ጊዜ ቅባ፣ በየመካከሉ በ220 ቀለል አድርገህ አሻሸው፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። ግሎስ አትግዛ፣ ሳቲን ይሁን፤ ያንጸባረቀ ደረጃ አቧራም ጭረትም ያሳያል፣ ዓይንም ያታልላል።

አሁን መውጣት መውረዱ። ዩቲዩብ ላይ አንዱን ዝለልና አንዱን ቀባ ይሉሃል፣ ዛሬ 1፣ 3፣ 5፣ ነገ 2፣ 4፣ 6። ለወጣት ይሠራል። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለሉ መውጣት ግን አሥራ አምስት ኢንች ገደማ መራመድ ነው፣ ሆዷ የገፋ ሴት ይሄን አታድርግ። ቀለም በሚቀባባቸው ጥቂት ቀናት ሌላ ቦታ እደሩ፣ ወይም ታች ሶፋ ላይ። በውሃ የሚሠራው በሁለት ሰዓት ገደማ ደርቆ ሌላ ቅብ ይቀበላል፣ በካልሲ ለመርገጥ ግን ብዙዎቹ ጣሳዎች 24 ሰዓት ይላሉ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ዋናው ነው። በዘይት የሚሠራ ስቴን ከተጠቀምክ የጠረግህበትን ጨርቅ ጨብጠህ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳትወረውረው። እየደረቀ ሲሄድ ራሱን ያሞቃል፣ ክብሪት ሳይነካው ይነሳል። ውጭ አንድ በአንድ ዘርጋው፣ ወይም ክዳን ባለው ብረት ጣሳ ውስጥ ውሃ ሞልተህ ንከረው።

ታኮማ_ፓርክ

ያንተ ቤት 1986 ስለሆነ ይሄ አይመለከትህም፣ ግን አሮጌ ቤት ያለው ሌላ ሰው ይሄን አንብቦ ነገ ሳንደር እንዳያነሳ ብዬ ነው።

የኛ ቤት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም የታገደው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ከሆነና ደረጃው ላይ አሮጌ ቀለም ካለ ሳይመረመር አይፋቅም፣ በተለይ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች። አቧራው ነው መርዙ። ከ2010 ጀምሮ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቀለም የሚነካ ኮንትራክተር ከኢፒኤ፣ ከአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የተሰጠ ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል፣ አሳየኝ በሉት። ደግሞ ካርፔት ስታነሱ ማረፊያው ላይ 9 በ9 ኢንች የሆነ አሮጌ ሰቆችና ጥቁር ማጣበቂያ ካገኛችሁ አቁሙ። ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፣ አትስበሩት፣ አትፋቁት፣ ላብራቶሪ ይመርምረው።

የጉለሌ_ልጅ

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ጥያቄ ልደርብ ይቅርታ። የአያቴ ቤት የድሮ ቪላ ነው፣ ደረጃው ዝግባ ነው ይላሉ። ድሮ በየሳምንቱ ቼራ ይቀባ ነበር፣ በኋላ አንድ ዘመድ ካርፔት በማስቲሽ ለጠፈበት። አሁን ካርፔቱ ተበልቶ አልቋል። አንድ አናጺ "ይሄን ፈንቅለን ሴራሚክ እናድርገው" አለን። ቤተሰቡ ሊስማማ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ እምቢ ያልኩት።

የድሮ_አናጺ

@የጉለሌ_ልጅ እምቢ በል፣ ደግ አደረግህ። ከተፈጥሮ ደን ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ጥድና ኮሶ መቁረጥ በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል። የዚያን ጊዜ ጣውላ ውፍረት ዛሬ ገበያ ወጥተህ በቀላሉ አታገኘውም። የአያትህ ደረጃ ላይ ሴራሚክ መለጠፍም ሌላ ጣጣ አለው። እንጨት እንደ አየሩ ያብጣል ይሰበሰባል፣ ሰው ሲረግጠውም ይለመጣል፣ ሴራሚክ ግን አይለመጥም፣ ሲሰነጠቅ ታየዋለህ። ያ ከፍታ ያልኩት ነገርም እዚያው ነው፣ ሰቁና ሲሚንቶው ሲደመር።

ካርፔቱን ከነቀልክ በኋላ የቀረውን ማስቲሽ መጀመሪያ በመፋቂያ አንሳ፣ እየተጣበቀ ካስቸገረህ ቲነር በጨርቅ ነክረህ ትንሽ አቆይበት። መስኮት ክፍት፣ እሳትና ሲጋራ በአካባቢው አይኑር። ከዚያ ቼራው ነው። የዓመታት ሰም እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፣ በላዩ ቫርኒሽ ብትቀባ እንደ ቆዳ ይላጣል። አኳራጃ በጨርቅ ነክረህ ጥረግ፣ ጨርቁን እየቀየርክ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። ሳታጥበው በማሽን ብትፋቀው ሰሙ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱን ይደፍነዋል።

ጎማላካ የተቀባ ክፍል ይኑር አይኑር ለማወቅ ጠብታ አልኮል አድርግበት፣ ከለሰለሰና ከተጣበቀ ጎማላካ ነው። ደግሞ ትናንሽ ቀዳዳና እንደ ዱቄት ያለ ነገር ከሥሩ ካየህ ነቀዝ ነው፣ መድኃኒቱን ቀድመህ አድርግ፣ ቀለም ቀብተህ ውስጡ አትዝጋው።

ሁሉንም ካጸዳህ በኋላ መልሰህ ቼራ ብትቀባውም አልቃወምህም፣ የዱሮው መልክ የሚመጣው በሱ ነው። ግን መርገጫው ላይ ሳይሆን ራይዘሩና መደገፊያው ላይ። መርገጫ ላይ ቼራ ያንሸራትታል፣ አያትህ አሉ አይደል?

የጉለሌ_ልጅ

አሉ፣ 80 አልፏቸዋል፣ በቀን ስንት ጊዜ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሴራሚኩን የተቃወሙት እሳቸው ናቸው እንጂ እኔማ የሳቸው ቃል አቀባይ ነኝ። አመሰግናለሁ ጋሼ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኮምፒዩተር ላይ ያየሁት አንድም ቪዲዮ ስለ ከፍታው አላነሳም። ለካሁ፣ ሁሉም ወደ 7 ተኩል ኢንች ነው፣ ልዩነታቸው ከ1/4 አይበልጥም። ልባስ አልደርብም፣ እዚያው ያለውን ጣውላ አወጣለሁ።

ራነሩን ተስማምቻለሁ፣ ባለቤቴም። ደረጃው 36 ኢንች ስፋት አለው። ስንት ኢንች ልግዛ? እና ራነር የሚነጠፍ ከሆነ መሃሉን ያን ያህል ማሳመር አለብኝ?

እናት_ከአሌክሳንድሪያ

27 ኢንቹ በብዛት የሚገኘው ነው። 36 ላይ ስታደርገው በየጎኑ 4 ተኩል ኢንች እንጨት ይታያል፣ ያምራል። ጸጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለውን ምረጥ፣ ጸጉሩ ረጅም ከሆነ ጠርዙ ላይ ያንሸራትታል። ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ይደረጋል፣ ወፍራሙን አትግዛ፣ እግር ፊቱ ጠርዝ ላይ እንዳይሰጥም። ከሁሉ በላይ በየደረጃው ጥግ ተወጥሮ በስቴፕል መያዝ አለበት። የላላ ራነር ካለመኖሩ ይብሳል። ራነር አልፈልግም የሚል ካለ ደግሞ ቫርኒሽ ውስጥ የሚቀላቀል እንዳያንሸራትት የሚያደርግ ዱቄት አለ፣ ሻካራ ያደርገዋል፣ መጨረሻው ቅብ ላይ ብቻ ነው የሚጨመረው። ባዶ እግር ትንሽ ይቆረቁራል እንጂ ይሠራል።

መብራትም አትርሳ። ከላይም ከታችም የሚበራ ማብሪያ ከሌለህ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ ትንሽ የሌሊት መብራት ሶኬት ላይ ሰካ። እናትህ ቤቱን እስክትለምደው ድረስ።

የድሮ_አናጺ

መሃሉን 80 ላይ ብታቆመው ማንም አይከስህም፣ ራነሩ ይሸፍነዋል። ግን ቫርኒሹን ከዳር እስከ ዳር ቅባ። ነገ ራነር ሰልችቶህ ብታነሳው ባዶ እንጨት እንዳታገኝ።

ራነሩን ደግሞ አትቸኩልበት። በውሃ የሚሠራው ሲነካ ይደርቃል እንጂ ውስጡ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ በዘይት የሚሠራው ወር። ቀድመህ ምንጣፍ ከጫንክበት ስፖንጁ ይጣበቅበታል፣ ቀለሙንም ይለውጠዋል። እናትህ የምትመጣበትን ቀን ወደ ኋላ ቆጥረህ ጀምር። ማረፊያዋ ኮምፔንሳቶ ስለሆነች ላይኛው ወለል ከምን እንደሆነ አይተህ በዚያው ሸፍናት፣ የራይዘሮቹ ልዩነት ከ3/8 ኢንች እንዳያልፍ ብቻ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ገብቶኛል። ቅዳሜ ካርፔቱን እጀምራለሁ፣ ባለቤቴ እህቷ ጋ ትውላለች። ለጎረቤቴም ስለ ጩኸቱ ነግሬዋለሁ። አሮጌውን ካርፔት ግን የት ነው የምጥለው?

ቀለም_ቅባው

ሲነቀል በየደረጃው ስለምትቆርጠው ጠቅልለህ በገመድ እሰረው፣ ምስማር ያለበትን እንጨት ለብቻው ካርቶን ውስጥ አድርገህ "ምስማር" ብለህ ጻፍበት። ካውንቲህ ትልቅ ዕቃ የሚያነሳበት ቀን ካለ ደውለህ ጠይቅ። ዝናብ ከሚዘንብበት ቀን በፊት አውጣው ብቻ፣ ካርፔት ውሃ ከጠጣ ለሁለት ሰውም አይነሳም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሽታውም ነው። እሺ፣ ዝናቡን አይቼ።